አባታችሁን ባለአንድ ጎማው ላይ ከማውጣታችሁ በፊት

ልጆቼ፣

በኤሌክትሪክ ዩኒሳይክል፣ ማለትም በባትሪ በሚሠራውና ግራና ቀኝ ባሉት ሁለት መርገጫዎች ላይ ቆማችሁ በምትነዱት ባለአንድ ጎማ፣ የምትመላለሱ ሁሉ ይህ ጥያቄ አንድ ቀን ይመጣባችኋል። አባታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም የጎረቤት ጋሼ ጎማውን ዞር ዞር ብለው ያዩና «እስቲ እኔም ልማረው» ይላሉ። አትሳቁ። «በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልዎታል?» ብላችሁም አታሳፍሯቸው። በሃምሳም በስድሳም ዓመት ይለመዳል። ችግር የሚመጣው እናንተ በተማራችሁበት መንገድ ስታስተምሯቸው ነው። ወጣት ሙሉ ከሰዓት ሲወድቅ ሲነሣ ውሎ፣ ማታ ባቱ ላይ በረዶ ይዞ፣ በማግስቱ ይነዳል። ትልቅ ሰው በዚያ መንገድ ከሄደ የእጅ አንጓው ወይም ዳሌው ተሰብሮ ሆስፒታል ሊገባ ይችላል። ሙያዬ የአጥንትና የጡንቻ ማገገም ስለሆነ ይህን አጥብቄ ነው የምጽፍላችሁ።

ጎማውን ከማብራታችሁ በፊት እሳቸውን ፈትሹ። ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳ አጠገብ፣ ዓይናቸውን ገልጠው በአንድ እግር 10 ሰከንድ ይቁሙ፤ ቀጥሎ በሌላው። ካልሞላላቸው ጎማው ጥቂት ሳምንት ይቆይ፤ ጠዋትና ማታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዘው በአንድ እግር መቆምን ይለማመዱ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አትጀምሩ፤ ለሌላው ቀላል የሆነ የራስ ምት ለእሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ደም ሊያፈስ ይችላል። ስኳር ኖሮባቸው ውስጥ እግራቸው የደነዘዘ ሰዎች የመርገጫውን መዘንበል በጊዜ አይሰሙትም። አንገታቸውን ሲያዞሩ የሚያዞራቸውም መጀመሪያ ለዚያ ይታከሙ። የወር አበባ ያቋረጡ እናቶች አጥንታቸው ሳስቶ ሊሆን ስለሚችል የአጥንት ጥንካሬ ምርመራ ቢያደርጉ እመክራለሁ።

የራሳችሁን ጎማ አትስጧቸው። ዛሬ ብዙዎቻችሁ የምትነዱት ከ35 ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ፈጣን መሣሪያ ነው፤ እሱን ለማቆም እንኳ ጉልበት ይጠይቃል። ለትምህርት እንደ ኢንሞሽን ቪ8 ያለ ባለ 16 ኢንች ጎማ፣ ክብደቱ 14 ኪሎ አካባቢ የሆነ፣ ያገለገለም ቢሆን ይበቃል። ባለ 14 ኢንቹ ይቀላል፣ ግን ትንሿ ጉድጓድ ሁሉ ትነቀንቀዋለች። ጠርዙን በስፖንጅና በቴፕ ሸፍኑት፤ መውደቁ አይቀርም። ንፋሱ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 2.5 ባር፣ ማለትም 36 ፒኤስአይ ገደማ ይሁን። በጣም የተነፋ ጎማ ከእግር ሥር ይቅበጠበጣል፤ የጎደለው ደግሞ ለመዞር እምቢ ይላል። በስልኩ አፕ የፍጥነት ጣሪያውን 15 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ዝጉት፤ የመርገጫውን ስሜትም ጠንካራ የሚለው ላይ አድርጉት። ለስላሳው ሲለምዱት ደስ ይላል እንጂ ለጀማሪ እግር ያታልላል።

ስለ መከላከያ ልብስ ብዙ ጊዜ ሄልሜት ብቻ ይነሣል። ሄልሜቱ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በዝግታ የሚወድቅ ትልቅ ሰው በመጀመሪያ የሚያስቀድመው እጁን ነው። መዳፉ አስፋልት ላይ ሲጣበቅ ኃይሉ በሙሉ ወደ ክንዱ አጥንት ጫፍ ይሄዳል፤ አየርላንዳዊው ሐኪም አብርሃም ኮልስ እ.ኤ.አ. በ1814 የገለጸውና እስከ ዛሬ በስሙ የሚጠራው ስብራት ይህ ነው። ከመዳፍ በኩል ጠንካራ ፕላስቲክ ያለው የእጅ አንጓ መከላከያ እጁ እንዲንሸራተት አድርጎ ያንን ኃይል ይቀንሳል። በተጨማሪ የጉልበትና የክርን መከላከያ፣ ዳሌው ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ዝርግና ደረቅ ሶል ያለው ጫማ ያስፈልጋል። ለስላሳ የመሮጫ ጫማ እግርን ያደክማል።

ቦታው ባዶ የመኪና ማቆሚያ ወይም የትምህርት ቤት ግቢ ይሁን፤ ለጥ ያለ፣ ለስላሳ አስፋልት፣ ቢያንስ 30 ሜትር ቀጥታ መንገድ ያለው፣ በአንድ ወገን ወገብ የሚደርስ የብረት አጥር ወይም መደገፊያ ያለው። ሣር ላይ ብትወስዷቸው መውደቁ ይለሰልሳል፣ መንዳቱ ግን ይከብዳል፤ እያንዳንዷ ጉብታ ጎማውን ስለምትይዘው ያልለመደ እግር ምን እንደተሳሳተ አያውቅም።

የመጀመሪያው ቀን መንዳት የለበትም። አጥሩን ይዘው፣ የሚተማመኑበትን እግር መርገጫው ላይ አሳርፈው፣ ሌላው መሬት ላይ እንዳለ፣ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ያወዛውዙት። ጣታቸውን ሲጫኑ ይሄዳል፣ ተረከዛቸውን ሲጫኑ ይመለሳል። የእግራቸው መሐል በመርገጫው መሐል ላይ መዋሉን ተንበርክካችሁ እዩ። እግር ወደፊት ካለፈ ጎማው ሳይጠሩት ያመልጣል፤ ወደኋላ ከቀረ ሳያዝዙት ይቆማል። ብዙ ጀማሪ «ጎማው አይታዘዘኝም» የሚለው ሁለት ሴንቲ ሜትር በሚሆን የእግር አቀማመጥ ስህተት ነው።

ቀጥሎ በአንድ እግር መንሸራተት ይመጣል። የተጫነው እግር ባት ጎማውን ይደገፈዋል፣ ጎማው በትንሹ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ ሌላው እግር መሬቱን አጭር አጭር እየገፋ ይከተላል። ይህንን ሳይሰለቹ ይለማመዱት። መሬት የሚገፋው እግር አንድ ሰከንድ፣ ከዚያ ሁለት ሰከንድ አየር ላይ መቆየት ከቻለ ከባዱ ነገር አልፏል። ወጣቶች ይህንን ደረጃ ዘለው በቀጥታ ሁለት እግር ይሰቅላሉ፤ ትልቅ ሰው ላይ ግን አደጋ የሚፈጠረው እዚህ ዘላችሁ ስታልፉ ነው።

ሁለቱም እግር ሲወጣ አጥሩን በአንድ እጅ ነካ እያደረጉ ይሂዱ። መርዳት ከፈለጋችሁ በጎናቸው ሆናችሁ ክንዳችሁን ስጧቸው፤ እሳቸው ይያዟችሁ እንጂ እናንተ አትያዟቸው። የተያዘ ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በያዘው ሰው እጅ ነው፤ ሲለቁት ይወድቃል። ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ መጎተት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስረዷቸው። መሣሪያው ሚዛን የሚጠብቀው ወደፊትና ወደኋላ ብቻ ነው። ወደ ጎን የሚደግፍ ሞተር የለም፤ የጎን ሚዛን የሚመጣው እንደ ብስክሌት ከጉዞው ነው። ስለዚህ ከፍርሃት የተነሣ በእርምጃ ፍጥነት የሚሄዱ ሁልጊዜ ይንገዳገዳሉ። በሰዓት 8 ወይም 10 ኪሎ ሜትር ሲደርሱ ነገሩ በድንገት ይቀላቸዋል። ዓይናቸው እግራቸው ላይ ሳይሆን 15 ሜትር ፊት ለፊት ይሁን። ጉልበታቸው በትንሹ ይታጠፍ። ከመዞር በፊት ማቆም ይማሩ፤ ወንበር ላይ ሊቀመጡ እንደሚሉ ዳሌን ወደኋላ ገፋ አድርጎ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ደካማውን እግር አስቀድሞ መውረድ። ጎማው ከሥራቸው ከሸሸ ይልቀቁት። ለማዳን እጁን የሚዘረጋ ሰው ጉልበቱንና ቁርጭምጭሚቱን ያጣምማል፤ ጎማውን ስፖንጅ ያለበሳችሁትም ለዚሁ ነው።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይብቃ፤ በየሁለት ቀኑ። ጎበዝ ቢሆኑም፣ «ትንሽ ልጨምር» ቢሉም አቁሙ። ቁርጭምጭሚት ዙሪያ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ሳይታወቅ ይደክማሉ፤ መጥፎ አወዳደቅ የሚመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። አእምሮም የተማረውን እንቅስቃሴ የሚያጸናው በእንቅልፍ ስለሆነ ከእረፍት በኋላ ተሽለው ሲመጡ ታያላችሁ። ውስጥ እግራቸው ከደነዘዘ በጣታቸው መርገጫውን እየጨበጡ ነው፤ ወርደው ይራመዱ። ባታቸው ከበለዘ ጎማውን አጥብቀው ይዘውታል ማለት ነው። ፍጥነት ሲጨምሩ ወይም ሲያቆሙ ጎማው ግራ ቀኝ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ግትር ብሎ የቆመ እግር ነው፤ ጉልበት ማጠፍ፣ ክብደትን ወደ አንዱ እግር ማድላት፣ በቀስታ መቀነስ።

አሁን ለእናንተም የሚሆን ነገር ልናገር። ሲነዱ የሚደገፉት በሞተሩ ትርፍ ኃይል ነው። ወደፊት ባዘነበላችሁ ቁጥር ሞተሩ ከእናንተ ፈጥኖ ከሥራችሁ መግባት አለበት። ፍጥነቱ ጣሪያው አጠገብ ሲደርስ የሚጨምረው ኃይል አይኖረውም፤ መርገጫው ወደፊት ይሰምጣል፣ ነጂው በግንባሩ ይደፋል። ባትሪው ሲጎድል ጣሪያው ራሱ ይወርዳል። 20 ሴል በተከታታይ የተያያዘበት ባትሪ ሲሞላ 84 ቮልት ነው፤ እያንዳንዱ ሴል 3.3 ቮልት ሲደርስ ግን 66 ብቻ ይቀረዋል። ጠዋት የተቻለው ፍጥነት ማታ ላይቻል ይችላል። የማስጠንቀቂያው ድምፅ ሲጮህ ወይም መርገጫው ወደኋላ ሲገፋችሁ ታገሉት የሚል ሰው ካለ አትስሙት። አባታችሁ ይህንን ከእናንተ አነዳድ ይማራሉና በፊታቸው አታድርጉት።

መንገድ ላይ መውጣት የሚችሉት በታዘዙበት ቅጽበት ያለ ድንጋጤ ሲያቆሙ፣ በሁለቱም ትከሻ ዞረው ሲያዩ፣ በ6 ሜትር ስፋት ውስጥ ስምንት ቁጥር ሲሠሩና ያለ መደገፊያ ሲወጡ ነው። ሕጉን ደግሞ በየአገራችሁ ቀድማችሁ እወቁ። ፈረንሳይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ጣሪያና በኢንሹራንስ ትፈቅዳለች። የጀርመን የ2019 ደንብ መያዣ ዘንግ ስለሚጠይቅ ባለአንድ ጎማው በሕዝብ መንገድ አይፈቀድም፤ በእንግሊዝም የግል መሣሪያ ከሆነ እንዲሁ ነው። እዚያ ያላችሁ ባለቤቱ የፈቀደበት የግል ግቢ ፈልጉ።

ለምደው ወደ አዲስ አበባ ይዘውት መሄድ ከፈለጉ፣ የሚይዘው ኃይል ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ መንገደኛ በእጁም በሻንጣም ይዞ አውሮፕላን አይገባም። የቪ8 ባትሪ 480 ዋት-ሰዓት ነው፤ ከገደቡ ሦስት እጥፍ። የሚሄደው በጭነት፣ እንደ አደገኛ ዕቃ ተመዝግቦ ነው። ጭነት ድርጅቱ የባትሪውን የፍተሻ ሰነድ ስለሚጠይቅ፣ ሰነዱን ሲገዙት ከሻጩ ተቀብላችሁ አስቀምጡ።