ከሐረር እስከ ጭሮ በተራራው ጀርባ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከሐረር ተነስቶ በደንገጎ፣ በቁልቢና በሂርና አድርጎ ጭሮ የሚደርሰው የተራራ መንገድ አዲስ አበባ ለመድረስ ብቻ ተብሎ በጥድፊያ መታለፍ እንደሌለበትና ለራሱ ሲባል አንድ ቀን ሊሰጠው እንደሚገባ በዚህ ዓምድ ከጻፍሁ ወዲህ፣ ከድሬዳዋም ከሐረርም በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውኛል። ተመሳሳይ የሆኑትን አጣምሬ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

«በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ይቻላል? የምንነሳው ከድሬዳዋ ነው።» (ከሳቢያን የጻፉ መምህር)

ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ከሐረር እስከ ጭሮ ያለው ርቀት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜዳ ላይ ቢሆን ቀላል ጉዞ ይሆን ነበር፤ እዚህ ግን መታጠፊያው ብዙ በመሆኑ፣ በየከተማው መሐል ሰው፣ ከብትና ባጃጅ መንገዱን ስለሚሞላው፣ ምንም ሳይቆሙ ቢነዱ እንኳ ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። የሄዱት ለማየት ከሆነ ደግሞ መቆምዎ አይቀርም። ስለዚህ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ሐረር ወጥተው ቢያድሩ፣ በማግስቱ ጭሮ ቢያድሩና በሦስተኛው ቀን ቢመለሱ ጉዞው ጉዞ ይሆናል።

ከሐረር ጠዋት መነሳትን የምመርጠው በፀሐይዋ ምክንያት ነው። መንገዱ በአብዛኛው ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ፣ ጠዋት ከሐረር የተነሳ ሰው ፀሐይዋን ከጀርባው አድርጎ ይነዳል፤ ከፊቱ ያለው ሸንተረርም ብርሃኑን በሙሉ ተቀብሎ ጥርት ብሎ ይታየዋል። በመልሱ ቀን ግን በማለዳ ከጭሮ ቢነሱ ፀሐይዋ ዓይንዎን ትወጋለች፤ ቁርስዎን በእርጋታ በልተው አራት ሰዓት አካባቢ ቢነሱ ይሻላል። በሁለቱም ቀናት ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት የሚያድሩበት ከተማ መግባት አለብዎ። ሌሊት በዚህ መንገድ ላይ መብራት የሌለው ጋሪ፣ መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪናና የሚሻገር ከብት ስለሚያጋጥም፣ የማታ ጉዞን ለማንም አልመክርም። በዋዜማው ደግሞ መናኸሪያ ጎራ ብለው በዚያው ቀን ከጭሮ የገቡ ሾፌሮችን ስለ መንገዱ ሁኔታ ይጠይቁ፤ ከእነርሱ የበለጠ ትኩስ መረጃ ያለው የለም።

«የመንገዱ ልዩ ነገር ምንድን ነው? እኔ ስመላለስበት ከጫት ማሳ በቀር ያየሁት የለም።» (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ምናልባት የተጓዙት በሌሊት አውቶቡስ ወይም በሚጣደፍ ሚኒባስ ይሆናል። ይህ መንገድ በረጅሙ የሚሄደው በተራራው ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ጀርባው የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው፤ በስተሰሜን የወረደው ዝናብ ወደ አዋሽ በኩል ሲወርድ፣ በስተደቡብ የወረደው እንደ ረሚስ ባሉ ወንዞች አልፎ ዋቢ ሸበሌን ይቀላቀላል። ሰማዩ በጠራበት ቀን በቀኝዎ በኩል ሜዳው እስከ ዓይን ዳርቻ ተዘርግቶ ሲታይ፣ በግራዎ ደግሞ በእርከን የተሠራ የማሽላና የጫት ማሳ፣ በመካከሉም የቡና ተክል ይታያል። እርከኖቹን ልብ ብለው እንዲያዩ በተለይ እጠይቅዎታለሁ፤ ገደል ላይ አፈሩ እንዳይታጠብ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረበ ያቆየው የሐረርጌ ገበሬ ልፋት በመኪና መስኮት በጥድፊያ የሚታለፍ አይደለም።

የባቡሩ ታሪክም እዚሁ ላይ ይነሳል። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ መጀመሪያ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም፣ ይህን ተራራ መውጣቱ እጅግ ውድና አስቸጋሪ በመሆኑ በቆላው ቀርቶ፣ በ1895 ዓ.ም. በተራራው ግርጌ ድሬዳዋ ተቆረቆረች። የደንገጎን ዳገት በመኪና የወጣ ሰው መሐንዲሶቹ ለምን እንደተውት ያለ አስረጂ ይገባዋል።

«ያለኝ ቪትዝ ነው። የደንገጎን ቁልቁለት ሳስብ ፍሬኑ ያሰጋኛል።» (ከሐረር፣ ሸንኮር)

ስጋትዎ ተገቢ ነው። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ደግሞ ከሐረርም ስለሚበልጥ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ይህን ሁሉ ከፍታ በአጭር ርቀት ውስጥ ይጨርሰዋል። ፍሬን ተረግጦ ሲቆይ ይግላል፤ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፤ ዘይቱ ካረጀና ውሃ ከገባበት ደግሞ ይፈላና ፔዳሉ እግርዎ ሥር ባዶ ይሆናል። መፍትሔው መኪናው በሞተሩ እንዲያዝ ማድረግ ነው። የእጅ ማርሽ ከሆነ ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ከ«ዲ» አውጥተው ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ያስገቡት። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመርገጥ ይልቅ ጠንከር አድርገው ረግጠው ፍጥነቱን ካወረዱ በኋላ ይልቀቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነጻ አድርጎ መውረድ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ልማድ ነውና ፈጽመው አይሞክሩት። የመቃጠል ሽታ ከሸተተዎ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁሙና እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ጎማው ላይ ውሃ አያፍስሱ። ከጉዞው በፊትም የፍሬን ሸራውንና ዘይቱን ያስመርምሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ በአወዳይ አካባቢ ጫት የጫኑ መኪኖች ሰዓት ስለሚሽቀዳደሙ እጅግ ይፈጥናሉ። ከኋላዎ ከመጡ ዳር ይዘው ያሳልፏቸው።

«ሐረማያ ሐይቅ ውሃ አለው ወይስ ደርቋል?» (ከሐረር የጻፉ እናት)

ሐይቁ ለመስኖ በሚሳበው ውሃ፣ ሐረርን ጨምሮ ለከተሞች በሚቀዳው መጠጥ ውሃና ከማሳዎች እየታጠበ በሚገባው ደለል ምክንያት ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ሆኖ ነበር። በቅርብ ዓመታት ውሃው ተመልሷል፤ መጠኑ ግን እንደየዓመቱ ዝናብ ይለዋወጣል። ልጆችዎን ይዘው እዚያ ይቁሙ፤ የሆነውንም ይንገሯቸው።

«እናቴ የቁልቢ ስለት አለባት። ጉዞውን ከታኅሣሥ 19 ጋር ብናገናኘውስ?» (ከድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ)

ሁለቱን ባያጣምሯቸው ይሻላል። ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመፈጸም ያሠሩት የቁልቢ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ከመላው አገሪቱና ከውጭ ምእመናንን ስለሚሰበስብ፣ በዚያ ሳምንት መንገዱ ይጨናነቃል፤ መኪና ማቆሚያም የሚገኘው ከሩቅ ነው። እናትዎ ስለታቸውን በበዓሉ ቀን ማድረስ ከፈለጉ ለዚያ ብቻ ይሂዱ፤ ወፍራም ጋቢም ይያዙላቸው፤ የቁልቢ ሌሊት ለቆላ ሰው ብርቱ ነው። ቦታውን በጸጥታ ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ ግን በሌላ ቀን ቢሄድ ይመረጣል።

ከቁልቢ ቀጥሎ ጨለንቆ ትገኛለች። በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረገው እዚያ ሲሆን፣ ሐረር ነጻ ከተማነቷን ያጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ለብዙ የኦሮሞና የሐረሪ ቤተሰቦች ጨለንቆ የወደቁ ሰዎች የሚታሰቡባት ስፍራ ስለሆነች፣ ፎቶ ለማንሳት ብቻ ወርዶ ከመሄድ ይልቅ ሽማግሌዎች ካሉ ሰላም ብሎ ታሪኩን መጠየቅ ተገቢ ነው።

«የትኛው ወር ይሻላል?» (ከብዙ አንባቢያን)

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት። ዝናቡ ቀንሶ፣ ማሽላው ቆሞ፣ ተራራው ገና አረንጓዴ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ከፍታው ላይ ጉም ስለሚወርድ ከፊት ያለውን መኪና እንኳ ማየት ያስቸግራል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሣሩ ቢጫ ቢሆንም፣ በየደጃፉ የተሰጣውን ቡና ማየት ለሚወድ ሰው እነዚህ ወራት ይሻሉታል። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ የሚሰጣውም በግልጽ ይታያል።

«ልጆቼ በመታጠፊያው ያስመልሳቸዋል።» (ከሐረር፣ ጁገል)

ቁርሳቸው ቀለል ያለ ይሁን፤ ቅባት የበዛበት ፈጢራ ለመመለሻ ይቆይ። ከፊት ለፊት አሻግረው እንዲመለከቱ ያድርጉ፤ ስልክ አይስጧቸው።

«ጭሮ ከደረስን በኋላስ ምን እንይ?» (ከድሬዳዋ፣ ለገሃሬ)

ብዙ ሰው አሁንም አሰበ ተፈሪ የሚላት ጭሮ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ በመሆኗ ማደሪያና ምግብ ቤት አታጡም። ጊዜ ካላችሁ ከከተማዋ ብዙም ሳይርቅ፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘውን ደጋ አጋዘን ለመጠበቅ የተከለለው የኩኒ ሙክታር ጫካ አለ። እንስሳቱ ጥቂት ስለሆኑ እናያለን ብላችሁ እርግጠኛ አትሁኑ፤ ጫካው ግን በራሱ ያስደስታል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ሳትይዙ አትግቡ፤ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ነዳጅ የምትቀዱት ሐረር ይሁን፤ ክፍያው በስልክ ስለሆነ ባትሪያችሁን ሞልታችሁ ተነሱ።