ለወጣት የስንዴ አዳቃዮች፦ ሦስቱን ቁጠሩ

ልጆቼ፣

ስንዴ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ሰብል ነው። ዛላው ላይ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሎ ስታዩ «አሁን አበበ» ትሉ ይሆናል፤ እርሱ ግን ቅርፊቱ ውስጥ ሥራውን ጨርሷል። ከሌላ ዝርያ ልታዳቅሉት ከፈለጋችሁ ልትቀድሙት ይገባል።

እናት እንድትሆን የመረጣችኋትን ዛላ ከቅጠሉ ሽፋን ብቅ ስትል ያዟት። ከጫፍና ከሥር ያሉትን ደካማ አበቦች አንሡ። የቀሩትን ጫፋቸውን በመቀስ ቆርጣችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ በእያንዳንዱ አበባ ሦስት የወንዴ ከረጢቶች ታገኛላችሁ። አረንጓዴ ከሆኑ ደርሳችሁባቸዋል፤ ቢጫ ከሆኑ ዘግይታችኋል። በወረንጦ ሳታፈነዱ አውጡና ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አንዱ ከፈነዳ አበባውን ነቅላችሁ ጣሉ፣ ወረንጦውንም በአልኮል ጥረጉ።

ይህን የምለው ስላጠፋሁ ነው። በወጣትነቴ አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ቸኩዬ ሳልቆጥር አለፍሁ። እናቲቱ ጢማም፣ አባትየው ጢም አልባ ስለነበር የመጀመሪያው ትውልድ ጢም አልባ መሆን ነበረበት። በዓመቱ ግን ከመካከላቸው ቁርጥ እናታቸውን የመሰሉ ጢማሞች ወጡ። በመዝገቡ ላይ ሁሉንም ዲቃላ ብዬ የጻፍኋቸው እኔ ነበርሁ። ያን ገጽ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የጸዳችውን ዛላ በወረቀት ከረጢት ሸፍኗት። ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የሴቴዋ አካል እንደ ላባ ትከፈታለች። ያን ጊዜ የወንዴ ብናኙ መውጣት የጀመረውን የአባት ዛላ ቆርጣችሁ ከረጢቱ ውስጥ ዘቅዝቃችሁ አሽከርክሩት። ብናኙ ከተለየ በኋላ ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ነውና አባትየውን ይዛችሁ ወሬ አትጀምሩ። የምታገኙት ፍሬ ኮስሶ ቢታያችሁ አትደንግጡ፤ ይበቅላል።

አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በ2003 ዓ.ም. ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ኩብሳ የተባለውን ዝርያ እንዴት እንዳነደደው፣ ከሦስት ዓመት በኋላም የግንድ ዋግ ያን ሁሉ ተስፋ የተጣለበትን የዲጋሉ ዝርያ በባሌና በአርሲ ማሳ ላይ እንዴት እንደጣለው የሚያውቅ ሰው ማዳቀልን በቃኝ አይልም። ዋጉ ይለወጣል፤ እኛም አዲስ ዝርያ ገበሬው እጅ እስኪገባ አሥር ዓመት ያህል ይፈጅብናል።

በእያንዳንዷ ዛላ ላይ የእናትን ስም አስቀድማችሁ፣ ከዚያ የአባትን፣ ከዚያ ቀኑን ጽፋችሁ እሰሩ። በእርሳስ ይሁን፤ የብዕር ቀለም በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል።