የህንድ ፊልም የሚያስለቅሳት እናትና ሌሎች ጥያቄዎች

ባለፈው «ምን ዓይነት ፊልም ትወዳላችሁ? ለምን?» ብዬ ጠይቄ ነበር። መልስ ስጠብቅ ጥያቄ ጎረፈ። ይሁን።

አባቴ በቱርክ ድራማ ተለከፈ

አንድ የአዳማ ወጣት ነው። አባቱ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከቴሌቪዥኑ ፊት አይነሱም። «የሴት ድራማ» ማየታቸው አሳፍሮታል።

አባትህ ሠላሳ ዓመት የሰፈር ሽማግሌ እንደነበሩ ራስህ ጽፈሃል። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲጣሉ መሀል ሲገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ ማሳየት ሲጀምር ለእሳቸው የመጣላቸው ፊልም ሳይሆን ጉዳይ ነው። ውርስ አለ፣ አማት አለ፣ የተደበቀ ልጅ አለ። ሰውየው ሽምግልና ተቀምጠዋል። ሪሞቱን መልስላቸው።

ባለቤቴ ፊልም በተጀመረ በአሥር ደቂቃ ያንኮራፋል። ፊልም አይወድም ማለት ነው?

ደክሞታል። ጋቢ አልብሺው።

ጣዕሜ የወረደ ነው ወይ?

ይህ ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣ ረጅም ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ መርካቶ ነው ያደገችው፤ ከወንድሞቿ ጋር የህንድ ፊልም እያየች። ዛሬም ስታይ እንባዋ ይወርዳል። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቿ ይስቁባታል። እሷም የእነሱ «የሚበር ሰውዬ» ምኑም አይገባትም።

እህቴ፣ «የወረደ ጣዕም» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ «እኔ ያደግኩበት ሰፈር አይደለም» ማለቱ ነው።

«ማዘር ኢንዲያ»ን እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣውን። የድሃ ገበሬ ቤት ነው። አራጣ አበዳሪው ምርቱን ይወስዳል። ባል እጆቹን ቋጥኝ ይጨፈልቅበታል። ሸክም መሆኑ ስላሳፈረው ሌሊት ቤቱን ጥሎ ይጠፋል። እናት ብቻዋን እያረሰች ልጆቿን ታሳድጋለች። አንዱ ሽፍታ ሆኖ የአበዳሪውን ልጅ በሠርጓ ቀን ሲጠልፍ፣ ተኩሳ የምትገድለው ራሷ እናቱ ናት።

አራጣን፣ ጠለፋን፣ «ሰው ምን ይለኛል»ን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሂንዲ መቻል የለበትም። ልጆችሽ የሚያውቁት ክሬዲት ካርድ ነው። (እሱም ያው አራጣ ነው። ግን የሚጠሉት ሰው ፊት የለውም።)

ዘፈኑም እንደዚያው። «ሰው እያለቀሰ እንዴት ይዘፍናል?» ይሉሻል። እኔ አክስቴ ለቅሶ ቤት ሙሾ ስታወርድ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ተዋናይቷ እንባዋን እየጠረገች ዜማ ብታወጣ ምኑ ይገርመኛል?

አሁን ወደሚበረው ሰውዬ እንምጣ። ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ለአንባቢ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ታሪኩን ልብ ብለሽ ስሚ። ዓለማቸው ሲጠፋ ወላጆቹ ሕፃኑን ለማትረፍ ብቻውን ይልኩታል። ካንሳስ ውስጥ ባዕዳን ያሳድጉታል። ሁለት ስም አለው። ሥራ ቦታ መነጽሩን አድርጎ፣ አንገቱን ደፍቶ ይውላል፤ ማንነቱን የሚያውቅ የለም። ቤት በአንድ ስም፣ ትምህርት ቤት መምህሩ አጣሞ በሚጠራው ሌላ ስም የሚኖር ልጅ ይህን ቢወድ ምን ያስደንቃል? አንቺስ ልጇን አውሮፕላን አሳፍራ የላከችውን እናት አታውቂያትም?

ቅዳሜ የእነሱን እዪ። እሑድ ያንቺን ይዩ። መጀመሪያ ማን እንዳለቀሰ ጻፊልኝ።

ፊልም ላይ ሐኪም ሳይ እበሽቃለሁ

የሐዋሳ ነርስ ናት። የልብ ምቱ መስመር ቀጥ ብሎ ሳለ በሽተኛውን በኤሌክትሪክ ሲመቱት ትጮሃለች። ቤተሰቡ ተማሯል።

ልክ ነሽ። ኤሌክትሪኩ ምቱ ለተዘበራረቀ ልብ እንጂ ጭራሽ ለቆመ አይደለም። ለቆመው ደረት መጫንና አድሬናሊን ነው። ዝርዝሩን የልብ ሐኪም ይንገራችሁ። አንቺ ግን ፊልሙ እስኪያልቅ ዋጥ አድርጊው። ባለቤትሽ ሹፌር ነው ብለሻል። መኪና ከፎቅ ፎቅ ሲዘል እሱ ዝም ብሎ ያይ የለ?

ወንድሜ የጦርነት ፊልም መውደድ ተወ

ድሮ ነፍሱ ነበር። ከግንባር ከተመለሰ ወዲህ ግን ተኩስ ሲሰማ ተነስቶ ይወጣል። ሌሊት አይተኛም፣ በር ሲንኳኳ ይባንናል። ቤተሰቡ «ጣዕሙ ተቀየረ፣ ኮራብን» ይላል።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። ይህ የፊልም ጥያቄ አይደለም። እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ ያለፈውን የሚያስታውስ ነገር መሸሽ ከጦርነት በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም ምልክቶች ናቸው። ሕመሙ በንግግር ሕክምና፣ ሲያስፈልግም በመድኃኒት ይታከማል። እኔ ስለ ፊልም የምጽፍ ሰው ነኝ። የአእምሮ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለ። ስሙ ሲጠራ ሰው እንደሚሳቀቅ አውቃለሁ፤ ይሳቀቅ። ከከተማው ውጭ ከሆናችሁ ቅርብ ያለውን ሪፈራል ሆስፒታል ጠይቁ። ጸበል ከፈለገ ይጠመቅ፤ ሕክምናው ግን አይቅር። ለሚቀጥለው ወር አታሳድሩት፤ በዚህ ሳምንት ይሁን። አንተም አብረኸው ሂድ፤ ብቻውን ከላክኸው ከበር ይመለሳል።