ወንጪን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ፦ እናቷን ለመውሰድ ላሰበችው እህታችን

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት አንዲት እህታችን እናቷን ለአንድ ቀን ከአዲስ አበባ አውጥታ የወንጪን ሐይቅ ማሳየት እንደምትፈልግ ጽፋ ነበር። እናቷ 63 ዓመታቸው ነው፣ ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ጥያቄዋ «በአስጎብኚ ብሄድ ይሻላል ወይስ መኪና ተከራይቼ በራሴ? አንድ ቀንስ ይበቃል ወይ?» የሚል ነው። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። አንደኛው ያስቆጨኝ፣ ሁለተኛው እናቴ እስካሁን የምታነሳው ጉዞ ስለነበር ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

እህቴ፣ አንድ ቀን ይበቃል። በአስጎብኚም ሂጂ። ነገር ግን አስጎብኚ ስልሽ ከከተማ የሚያነሳሽን አስተባባሪ ማለቴ አይደለም። አስተባባሪ መኪና ያቀርባል፣ ስም ይመዘግባል፣ ቁርስና ምሳ ያዛል። አስጎብኚ ማለት እዚያው ወንጪ ተወልዶ ያደገ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ የትኛው መንገድ ለእናትሽ ጉልበት እንደሚከብድ የሚያውቅ ሰው ነው። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ልዩነት አላወቅሁም ነበር።

ያኔ በቴሌግራም የወጣ ማስታወቂያ አይቼ ተመዘገብኩ። ወንጪ፣ አምቦ፣ አዲስ ዓለም፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይላል። እኔም ብዙ ቦታ የማይ መስሎኝ ደስ አለኝ። መነሻው መስቀል አደባባይ ከንጋቱ 12 ሰዓት ነበር። አራት ኪሎ ስለምኖር ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ቆሜ ጠበቅሁ። ኮስተሩ የዘገዩትን ሲጠብቅ ቆይቶ የተነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሜክሲኮ፣ በጦር ኃይሎች አድርገን አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ ተጨናንቋል። ዓለም ገናና ሰበታን እስክናልፍ ድረስ ሰዓቱ ነጎደ። ወሊሶ ላይ ለቁርስ ቆምን፤ ያን ሁሉ ሰው አንድ ሆቴል በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አይችልምና እዚያም ጊዜ ሄደ። ከወሊሶ ወደ ወንጪ የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር። አፋፉ ላይ ስንደርስ 6 ሰዓት አልፏል፤ «8 ሰዓት ላይ ሁላችሁም እዚሁ ተሰብሰቡ» ተባልን።

አስቢው፤ የወንጪ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ሐይቁ ደግሞ ከታች 2,900 ሜትር አካባቢ ነው ያለው። በዚያች አጭር ሰዓት 400 ሜትር ቁልቁል ወርዶ፣ ሐይቁን አይቶ፣ ያንኑ ዳገት መልሶ መውጣት አይቻልም። ፈረስ እንከራይ ስንል በከፈልነው ዋጋ ውስጥ የለም ተባልን፤ ጀልባውም የለም። እኔ በእግሬ ወርጄ ግማሽ መንገድ ላይ ሰዓቴን አየሁና ተመለስኩ። ሐይቁን ያየሁት ከሩቅ ነው። አስተባባሪውን «ይህ ሐይቅ እንዴት ተፈጠረ?» ብዬ ብጠይቀው እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቱ እንደሆነ ነገረኝ። በልጁ አልፈርድም፤ የተሰጠው ሥራ ሰው መቁጠር ነበር። ከዚያ አምቦንም አዲስ ዓለምንም በመኪና መስኮት አይተን ማታ 4 ሰዓት ገባን።

ስለዚህ ማስታወቂያ ስታዪ የቦታዎቹን ዝርዝር ትተሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂ፦ «ወንጪ ላይ ስንት ሰዓት እንቆያለን?» ከአምስት ሰዓት በታች ካሉሽ ለእናትሽ አይሆንም። ጤነኛ ወጣት እንኳ በሩጫ ነው የሚጨርሰው።

ሁለተኛውን ጉዞ ከእናቴ ጋር ስሄድ ይህን ጥያቄ ነበር የጠየቅሁት። ያገኘሁት አዘጋጅ ከ12 ሰው በላይ አይወስድም፤ የመግቢያ፣ የአካባቢው አስጎብኚ፣ የፈረስና የጀልባ ክፍያ ሁሉ ተጠቃሎ ነው የተነገረኝ። ዋጋው ከመጀመሪያው ከፍ ይላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጉዞ እዚያ ደርሼ ያልታሰበ ልከፍል የነበረውን ስደምረው ልዩነቱ ጠበበ። ቀብድ በቴሌብር ከመላክሽ በፊት ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ አስልኪ። ቃል ብቻ ከሆነ እዚያ ስትደርሺ ክርክር ይመጣል፤ ክርክር ደግሞ የእናትሽን ቀን ያበላሻል።

ከለሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በሃይሩፍ ተነሳን። በዚያ ሰዓት ከተማው ባዶ ስለሆነ ሰበታን ያለፍነው ገና ሳይነጋ ነው። ፀሐይዋ የበቾ ሜዳ ላይ ስትወጣ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ በመስኮት ታያለች። ቱሉ ቦሎ አካባቢ የጤፍ ማሳው ቢጫ ሆኖ ነበር፤ ጊዜው ኅዳር ነው። ወሊሶ ፈጠን ብለን ቁርስ በልተን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወንጪ ደረስን። መንገዱ ገበታ ለሀገር ከመጣ ወዲህ ተሻሽሏል። ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር የዚያ ፕሮጀክት አካል እንደነበረ ታስታውሻለሽ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎታል። ቢሆንም የሐይቁ ዙሪያ ዛሬም የገበሬ አገር ነው፤ ገብስ ይዘራል፣ እንሰት ይተከላል፣ ንብ ይረባል።

አፋፉ ላይ የአካባቢው ማኅበር ፈረሶቹን በተራ ይመድባል። ተራው የተደረገው ገቢው ለሁሉም ቤተሰብ እንዲዳረስ ነው። እባክሽ አንዱን ልጅ ለብቻ ጠርተሽ በርካሽ አትደራደሪ፤ የሌላውን ተራ ትሰብሪያለሽ። ለእናቴ የደረሰው ፈረስ ቡናማ፣ ረጋ ያለ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው። እናቴን ከማውጣታቸው በፊት ሁለት ጣታቸውን በኮርቻው ጠፍርና በፈረሱ ሆድ መካከል አስገብተው ለኩ፤ ጠፍሩን አንድ ቀዳዳ ጠበቅ አድርገው እንደገና ለኩ። ከዚያ ፈረሱን ከአንድ ከፍ ያለ ድንጋይ አጠገብ አቆሙት። እናቴ ድንጋዩ ላይ ወጥታ እግሯን ማሻገር ብቻ ነበር የቀራት፤ ጉልበቷን ማጠፍ አላስፈለጋትም። ለእናትሽም ይህን ድንጋይ ጠይቂላቸው፤ ከመሬት ተነስተው እርካብ ረግጠው ይውጡ ማለት ጉልበት ለሚያመው ሰው ከባድ ነው። ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ቀጥ ብለው እንዲቀመጡ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት ዘንበል እንዲሉ ንገሪያቸው። ልጓሙን የሚይዘው ሰው ከፊት አለ፤ እሳቸው የኮርቻውን ጫፍ ቢይዙ ይበቃል።

አስጎብኚያችን ወጣት ነው፤ ስንወርድ ከእናቴ ፈረስ ጎን ጎን እየተራመደ ያወራት ነበር። ይህ ሁሉ ጎድጓዳ በጥንት ጊዜ እሳተ ገሞራ እንደነበረ፣ ፈንድቶ ውስጡ ባዶ ሲሆን ጫፉ ወደ ውስጥ መደርመሱን፣ በኋላም ውሃ እንደሞላው በቀላል ቋንቋ አስረዳት። በስተሰሜን ምሥራቅ ያለው የደንዲ ሐይቅም በዚሁ መንገድ የተፈጠረ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ስምንት ቁጥርን ይመስላል። እናቴ ትምህርት ቤት ብዙም አልገፋችም፤ ግን «ታዲያ እሳቱ ጠፍቷል?» ብላ ጠየቀች። ልጁ ሳቅ ብሎ «ፍል ውሃው ጋ ስንደርስ እጅዎን ሲነክሩ ይፈርዳሉ» አላት። ከሐይቁ ወዲያ ባለው ሸለቆ ፍል ውሃ አለ፤ ሰው ይታጠብበታል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ነክራ ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብላ ተቀመጠች። ማንም ተነሺ አላላትም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን በመንገድ ላይ የሆነው ነው። ከአንድ ጎጆ ደጃፍ አንዲት ሴት የእንሰት ቅጠል ግንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ ጫፉን በእግሯ ወጥራ፣ በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቀች ነበር። ነጩ ፍቅፋቂ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቃጫው በእጇ ይቀራል። እናቴ ፈረሱን አስቆመች። ሴትዮዋ ኦሮምኛ ብቻ፣ እናቴ አማርኛ ብቻ ነው የሚያውቁት። አስጎብኚው መካከላቸው ቁጢጥ ብሎ አስተረጎመ። እናቴ ቆጮን መብላት እንጂ አሠራሩን አታውቅም ነበር። ፍቅፋቂው በእንሰት ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ እንደሚቀበር፣ አገሩ ብርድ ስለሆነ ለመብሰል ወራት እንደሚወስድ፣ ከፍቅፋቂው ተጨምቆ የሚረጋው ነጩ ዝቃጭ ቡላ እንደሆነ፣ እንሰቱ ራሱ ለዓመታት ካላደገ እንደማይቆረጥ፣ ሁሉንም ጠየቀች። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ ይዛ የመጣችውን ድፎ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻት። ሴትዮዋም ከቤት ገብታ ትኩስ ቆጮ በጎመን ይዛ ወጣች። በኦሮምኛ «ገለቶማ» ብሎ ማመስገንን እናቴ የተማረችው እዚያ ነው። ያ ግማሽ ሰዓት በየትኛውም ፕሮግራም ላይ አልተጻፈም። አስጎብኚ የሌለው ሰው እንዲያ ያለውን ደጃፍ ፎቶ አንስቶ ያልፋል።

በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻግረን ቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳለምን። እናትሽ መሳለም ከፈለጉ ነጠላ ይያዙ፤ ጫማ ይወልቃልና ካልሲ ይደርቡ፣ መሬቱ ይቀዘቅዛል። ዓመታዊው ንግሥ ጥር 15 ነው፤ በዚያ ቀን ሕዝቡ ብዙ ስለሚሆን ለጉልበታቸው ሌላ ቀን ምረጪ።

በራስሽ መኪና ተከራይተሽ መሄድስ? ይቻላል፤ አራት አምስት ሰው ከሆናችሁና መንገዱን የሚያውቅ ሹፌር ካገኘሽ ሰዓቱ በእጅሽ ይሆናል። ያኔም እዚያ እንደደረስሽ ከማኅበሩ አስጎብኚ ያዢ። ሁለታችሁ ብቻ ከሆናችሁ ግን የመኪናው ኪራይ ስለሚከብድ ትንሽ ቡድን የሚወስድ አዘጋጅ ይሻልሻል። በሁለቱም መንገድ ከመነሳትሽ አንድ ቀን በፊት ስለ መንገዱ ሁኔታ እዚያው ያሉ ሰዎችን በስልክ ጠይቂ ወይም አዘጋጁ እንዲጠይቅ አድርጊ። እኔ ሁልጊዜ አደርገዋለሁ።

ወደ ዕቃ ስንመጣ፣ ብርዱን አትናቂው። ጠዋት አፋፉ ላይ እጅ ያደነዝዛል፤ ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይፋጃል። ጋቢና ጃኬት፣ ባርኔጣ፣ የማያንሸራትት ጫማ ያስፈልጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለውን አልመክርሽም፤ ቁልቁለቱ ጭቃ ሲሆን ፈረሱም ይንሸራተታል። ጥቅምትና ኅዳር ጥሩ ነው። ዝርዝር ብር ያዢ፤ ከታች ኔትወርክ ሲቆራረጥብን ቴሌብር አልሠራልንም። እናትሽ የደም ግፊት ወይም የልብ ህመም ካለባቸው ግን ከፍታው ትንፋሽ ስለሚያሳጥር አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። እናቴ ጤነኛ ሆና እንኳ አፋፉ ላይ ሦስት አራት እርምጃ እየሄደች ነበር የምታርፈው። መጸዳጃ ቤት ወሊሶ ላይ ይግቡ።

ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ተነስተን በአምቦ በኩል ተመለስን። ከወንጪ አምቦ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመጣንበት ከምንመለስ ሌላ አገር ማየቱ ለእናቴ ደስ አላት። አምቦ ሻይ ጠጣን፣ በጊንጪ አልፈን አዲስ ዓለም ማርያም ደጅ ለሃያ ደቂቃ ቆምን። አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ማገዶ ሲያልቅባት ዋና ከተማውን ወደዚያ ሊያዛውሩ እንደነበርና ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን እንዳስቀራት እዚያ ቆመን ስናወራ፣ እናቴ ቀና ብላ በመንገዱ ዳር የተደረደረውን ባሕር ዛፍ አየች። «አራት ኪሎ ቤታችን ያለው በዚህ ዛፍ ነዋ!» አለች። ከዚያ ሆለታንና ቡራዩን አልፈን ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቤት ገባን። እሑድ ማታ ቡራዩ ላይ መኪና ስለሚበዛ ከቻልሽ ቅዳሜ ሂጂ፤ እናትሽም እሑድን አርፈው ይውላሉ።

ቀኑን ስትወስኚ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አዘጋጁ የሚልክልሽን ፕሮግራምም ብትለጥፊው ሰዓቱን አብረን እናየዋለን።