ስኬት በስንት ሜትር ይለካል?

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ የሀበሻ ልብስ እሰፋለሁ። አብረውኝ ከተማሩት አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዷ አዘዞ ላይ ቤት ሠራች። እኔም ባለፈው ወር የ10,000 ብር ዕቁብ ሲወጣልኝ «ተሳካልኝ!» ብዬ ዘመድ ጋበዝኩ። አሁን ኪሴ ባዶ ነው። ሰው እንደተሳካለት በምን ያውቃል?
ልብስ ሰፊዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ግብዣው ደግ ነው፤ የተሳሳተው ሒሳቡ ነው። ዕቁብ ገቢ አይደለም። 20 ሰው በየሳምንቱ 500 ብር እየጣለ በሦስተኛው ሳምንት ከወጣልዎ፣ የራስዎ 1,500 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 8,500 ብር የአባላቱ ነው፤ በ17 ሳምንት ይከፍሉታል። ዘመድ ከበላው አብዛኛው ብድር ነው ማለት ነው።

ትክክለኛው መነሻ የወሩ ትርፍ ነው። ከገቢዎ ላይ የጨርቅ፣ የክር፣ የጥለት፣ የሱቅ ኪራይና የመብራት ወጪ ይቀንሱ። ብዙ ሰው የሚረሳው የራሱን ጉልበት ነው፤ በእርስዎ ወንበር ሌላ ሰፊ ቢቀመጥ የሚከፈለውንም ይቀንሱ። ቀብድ ደግሞ ልብሱ እስኪወሰድ ድረስ ገቢ ተብሎ አይመዘገብ።

የተረፈውን በጤፍ ይመንዝሩት። ለምሳሌ አምና በወር 6,000 ብር አትርፈው ጤፍ ኪሎው 100 ብር ከነበረ፣ ትርፍዎ 60 ኪሎ ነው። ዘንድሮ 7,500 አትርፈው ኪሎው 150 ከገባ 50 ኪሎ ብቻ ነው። ብሩ ጨመረ፣ መሶቡ ግን ጎደለ። የጤፉን ዓይነት እንዳይቀይሩ፤ አምና በማኛ፣ ዘንድሮ በሰርገኛ እየለኩ «አደግሁ» ማለት ይመጣል።

ጥርን ከመጋቢት ጋር ማወዳደርም ያሳስታል። በጥር ጥምቀቱም ሰርጉም ለሰፊ ሲሳይ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም። ጥርን ከአምናው ጥር ጋር ያስተያዩ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ግን ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚዘዋወር፣ የዘንድሮውን 55 ቀን ከአምናው 55 ቀን ጋር እንጂ ወርን ከወር አይደለም።

ከገንዘብ ውጭ አንድ መለኪያ ብቻ ይያዙ፤ አምስት የያዘ ሰው በኅዳር ደብተሩን ይጥለዋል። ለሰፊ የሚሻለው ይህ ነው፦ ከ10 ትዕዛዝ ስንቱ በተቀጠረበት ቀን ተወሰደ? («ነገ ነይ» የሙያው የጋራ አመል መሆኑን ደንበኛ ሁሉ ያውቃል።) ከ8 በታች ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የእጅ ፍጥነት ሳይሆን ያለልክ መቀበል ነው። በቀን 2 ልብስ የሚጨርስ ሰው ለ20 የጥምቀት ትዕዛዝ 10 የሥራ ቀን ይፈልጋል፤ ለጥልፍና ለመብራት መጥፋት 3 ቀን ይጨመር። ከከተራ ወደኋላ እሑድንና ገናን ዘልለው 13 ቀን ይቁጠሩና በዚያ ቀን መቀበል ያቁሙ። የሚቀየም ደንበኛ ይኖራል፤ በከተራ ማታ እጅጌ የሌለው ቀሚስ ከሚረከብ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ሆኖ መኪና ተደግፎ ፎቶ ይልካል። እናቴ ቡና በተፈላ ቁጥር ታነሳብኛለች። ምን ልበላት?
ከማራኪ

መልስ፦ እዚያ አገር ብዙ መኪና የሚገዛው በየወሩ በሚከፈል ብድር ነው፤ ብድር ደግሞ ፎቶ ላይ አይወጣም። ማወዳደር ካማረዎ ልጁን ሁለት ነገር ይጠይቁት፦ ኪራዩ ከወር ገቢው ስንት እጁን ይወስዳል? በሳምንት ስንት ሰዓት ይሠራል? ለራስዎም ያንኑ ያስሉ። ለእናትዎ ግን ይህን ሒሳብ አያቅርቡ። አቦሉ ሳይቀዳ የራስዎን ወሬ ቀድመው ይጀምሩ፤ እስከ በረካ ያደርሳል።