ባጃጁ አይሸጥ

እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሐዋሳ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ሦስተኛ ዓመት ነሽ። ኢኳዶር ውስጥ፣ አማዞን ጫካ፣ ከኪችዋ ሕዝብ ጋር እየኖሩ አንትሮፖሎጂና ሥነ ምህዳር የሚማሩበት የአንድ ሴሚስተር ፕሮግራም ተቀብሎሻል። ክፍያው በዶላር፣ ያውም በራስሽ ነው። አባትሽ ባጃጁን ሊሸጥ ተነስቷል፤ አጎትሽ የጎደለውን ሊሞላ። «ልሂድ ወይስ ልተወው?» ትያለሽ።

በዚህ ገንዘብ አትሂጂ።

ትምህርቱን ንቄ እንዳይመስልሽ። እዚያው ኢኳዶር የሳራያኩ መንደር ኪችዋዎች መንግሥት ሳያማክረን መሬታችን ላይ የነዳጅ ኩባንያ አስገባ ብለው ከሰሱና በ2012 እ.ኤ.አ. በኢንተር አሜሪካ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ረቱ። ለነዳጅ ፍለጋ ከአንድ ቶን በላይ ፈንጂ ጫካቸው ውስጥ ተቀብሮ ነበር። እንዲህ ካሉ ሰዎች ጋር ተቀምጦ መማር ትልቅ ዕድል ነው።

የቆረቆረኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው። አጎትሽ «አንዴ ትውጣ እንጂ መንገዱን ራሷ ታገኘዋለች» አለ ብለሻል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ለትምህርት የተባለው ገንዘብ በአጎትሽ ሐሳብ የስደት መነሻ ነው። ከኢኳዶር ወደ ሰሜን፣ ወደ አሜሪካ፣ በእግር የሚሄድ ሰው ኮሎምቢያና ፓናማ መሀል ዳሪየን ይጠብቀዋል፤ አውራ ጎዳና የሌለው ጫካ። ይህን ያውቃል? ካላወቀ ንገሪው። አባትሽንም ዛሬ ማታ ጠይቂው፦ «ሴሚስተሩ ሲያልቅ በመመለሻ ቲኬቴ ብመጣ ቅር ይልሃል?» ዝም ካለ መልስሽን አገኘሽ።

ባጃጁ ከፒያሳ መናኸሪያ እየተመላለሰ የታናናሾችሽን ትምህርት ቤት እንደሚከፍል ራስሽ ጽፈሻል። እሱን ሸጦ የላከሽ ቤተሰብ ባዶ እጅሽን ስትመለሺ ባይናገርሽ እንኳ ዓይኑ ይናገርሻል። እዚያ ሆነሽ የምትማሪውም ይህንኑ እያሰብሽ ነው።

ደግሞም ወጪውን ሌላ የሚሸፍንልሽ መንገድ አለ። የአውሮፓ ኅብረት የኢራስመስ ሙንዱስ የማስተርስ ስኮላርሺፕ ትምህርቱንም ኑሮውንም ይችላል። የጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ድርጅት ዳአድ (DAAD) ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምዱን እዚሁ አግኚው። የጌዴኦዋ ዲላ ከሐዋሳ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ከላይ ትልልቅ አገር በቀል ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት፣ አንድ ማሳ ላይ። የትኛው ዛፍ እንደሚቆረጥ ማን ይወስናል? ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ይህ ጥያቄ ይበቃል።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ሸካ ጫካ፣ ቀፎ ሰቃዮችን እየተከተልኩ መጠይቅ በመሙላት ነው። አበሉ ለቡና እንኳ አይተርፍም ነበር። አንድ አዛውንት ዛፍ ሥር አቁመውኝ የእሳቸው «ኮቦ»፣ ማለትም ቀፎ የሚሰቅሉበት የጫካ ድርሻ፣ የት እንደሚያልቅ በከዘራቸው አሳዩኝ። ወሰኑ ካርታ ላይ የለም፤ ጎረቤት ሁሉ ግን ያውቀዋል። ኋላ ለስኮላርሺፕ ስጠየቅ ከውጤቴ ይልቅ ስለዚያ ወሰን ነበር ብዙ የጠየቁኝ።

የእናትሽ «አንትሮፖሎጂ እንጀራ አይሆንም» ግማሹ እውነት ነው። ብቻውን ይከብዳል፤ ከያዝሽው ሙያ ጋር ሲሆን ግን ሰው ይፈልገዋል። ስፓኒሽ ያስፈልጋል ወይ ላልሽው፣ አዎ፤ በስልክሽ ካሁኑ ጀምሪ።

ለፕሮግራሙ ሰዎች ዛሬውኑ ኢሜይል ላኪ። ሙሉ ወጪው ካልተሸፈነልሽ እንደማትመጪ ንገሪያቸው፤ ቦታሽን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩልሽ እንደሆነም ጠይቂ። እምቢ ቢሉ የሚያመልጥሽ አንድ ሴሚስተር ነው።