መልስ፦ የደረት ቱቦዬን ጠያቂ እንዳያይብኝ ምን ላድርግ?

ከደረትህ የሚወጣው ፈሳሽ በቱቦው የሚጠራቀምበትን ጠርሙስ ጨርቅ ቦርሳ ውስጥ ቀጥ አድርገህ ከአልጋው አጠገብ፣ ከደረትህ ዝቅ አድርገህ አስቀምጠው። ሰፋ ያለ፣ ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ቱቦውን ይሸፍንልሃል።

የሰው ዓይን ግን እዚያው መሄዱ አይቀርም። አንተው ቀድመህ «ሳንባዬ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ እያወጣልኝ ነው» በላቸው፤ ወሬው ያልቃል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ውሃ ሲንቦቀቦቅ የሚደነግጥም አለ። ሰው ማየት ከደበረህ በስልክ ይጠይቁህ፤ የሚቀየም ይቀየም።

እኔን ከህመሙ ይልቅ ያስቸገረኝ ሌሊቱ ነበር። ስገላበጥ ይነቀል ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ነርሷ በምን እንደተያዘ ስታሳየኝ ቀለል አለኝ፤ አንተም አሳዩኝ በል።

አደራ፣ ለመደበቅ ብለህ ቱቦውን እንዳታጥፈው፣ እንዳትተኛበት። ጠርሙሱንም ከደረትህ በላይ አታንሳው፤ ፈሳሹ ሊመለስ ይችላል። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ቱቦው ከተላቀቀ ሰው አለ አትበል፣ ወዲያው ነርስ ጥራ።